በአነስተኛ ገንዘብ የኮምፒውተር ሞኒተር ስትገዙ፦ ለሰሜን ሸዋ ገዢዎች

ከኮምፒውተር ዕቃዎች ሁሉ ሞኒተር ዕድሜው ረጅም ነው። ሃርድ ዲስክ ይበላሻል፣ ኪቦርድ ይለወጣል፣ ላፕቶፕ ያረጃል፤ ተጠንቅቀው የመረጡት ሞኒተር ግን ሁለት ሦስት ኮምፒውተር አሳልፎ ያገለግላል። ደግሞም ቀኑን ሙሉ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ገንዘብ አጥሮ አንድ ነገር መቀነስ ካለበት ስፋቱ ይቀነስ፤ የፊደሉ ጥራት ግን አይነካ። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በአንድ ዋጋ ትንሹን ጥሩ ትቶ ትልቁን ደብዛዛ ይዞ ይሄዳል።

ይህ ምክር ደብረ ብርሃን ላይ የላፕቶፑ ስክሪን ለተሰበረበት ተማሪ፣ ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ለሚውል ሒሳብ ሠራተኛ፣ አታዬም ሆነ መሐል ሜዳ ለቢሮው ሁለተኛ ስክሪን ለሚፈልግ ሰው ነው።

ከቤት ሳትወጡ

መጀመሪያ የኮምፒውተራችሁን ጀርባ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ጎኑን እዩና በስልክ ፎቶ አንሱት። ሰማያዊ ሆኖ 15 ቀዳዳ ያለው፣ ግራና ቀኝ በብሎን የሚታሰረው ቪጂኤ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ታችኛው ሁለት ማዕዘኑ የታጠፈው ኤችዲኤምአይ፣ አንድ ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠው ዲስፕሌይ ፖርት፣ ሰፊውና አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የሆነው ዲቪአይ ነው።

ሁለቱም ላይ ኤችዲኤምአይ ካለ ነገሩ አለቀ። ከሌለ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ መቀየሪያው ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሁለቱም አቅጣጫ አይሠራም። ዲቪአይና ኤችዲኤምአይ ምልክታቸው አንድ ስለሆነ ተራ መቀየሪያ ይበቃል፤ ድምፅ ግን ላያልፍ ይችላል። ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይ ፖርት ወጥቶ ሞኒተሩ ላይ ኤችዲኤምአይ የሚገባ ኬብል በርካሽ ይገኛል፤ ያንኑ ኬብል ገልብጣችሁ ከኤችዲኤምአይ ላፕቶፕ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት ሞኒተር ብትሰኩት ግን ምስል አይመጣም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ለመሄድ ውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል። ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ ደግሞ በዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ መቀየሪያ ነው የሚሠራው። የመቀየሪያውን ዋጋ ከሞኒተሩ ጋር ደምሩት፤ አንዳንዴ ርካሽ የመሰለው ሞኒተር በዚህ ምክንያት ከሌላው ጋር ዋጋው እኩል ይሆናል።

ቀጥሎ ጠረጴዛውን ለኩ። ዓይናችሁ ከስክሪኑ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ የአንድ ክንድ ያህል መራቅ አለበት። ባለ 22 ኢንች ሞኒተር ወርዱ 48 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ ባለ 24 ደግሞ 53፣ ባለ 27 ወደ 60 ይደርሳል። የጠረጴዛው ጥልቀት ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከ22 ኢንች በላይ መሄድ አንገት ማዞር ብቻ ነው ትርፉ።

ስፋትና ፒክስል

ኢንች የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ነው። ስለ ፊደል ጥራት ግን ብቻውን ምንም አይናገርም። ጥራቱን የሚወስነው በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩ ጥቃቅን ነጥቦች፣ ተጨምቋል የሚለው ነው። 1920 በ1080 ፒክስል፣ ማለትም ፉል ኤችዲ፣ በ22 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች 100 ፒክስል ይሰጣል፤ በ24 ኢንች 92፣ በ27 ኢንች 82 ብቻ። በ27 ላይ የፊደሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ መታየት ይጀምራል።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ ጸሐፊ ከማንም በላይ ይከብዳል። የእንግሊዝኛ ፊደል ደብዘዝ ቢልም ከቅርጹ ይገመታል። የእኛ ፊደል ግን ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ የሚለዩት አናት ላይ በምትቀመጥ አንዲት ጭረት ነው፤ ካዕቡና ሣልሱ የሚለዩትም በትንሽ ቅጥል ነው። ፒክስሉ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። ጽሕፈት ቤት ውስጥ «ተ» ተብሎ የታለፈ «ቸ» ወረቀት ላይ ታትሞ ከወጣ በኋላ የሚታየው አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ነው።

ስለዚህ በአነስተኛ ገንዘብ ትክክለኛው ምርጫ 22 ወይም 24 ኢንች ሆኖ 1920 በ1080 የሆነው ነው። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ 24 ኢንች 1920 በ1200 የሆነ ያገለገለ የቢሮ ሞኒተር ካጋጠማችሁ አትለፉት፤ ቁመቱ ስለሚረዝም ከኤክሴል ገጽ ላይ ብዙ መስመር ያሳያል። 27 ኢንች የሚያስኬደው 2560 በ1440 ሲሆን ብቻ ነው፤ አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ግን በኤችዲኤምአይ ያን ያህል አያወጡም፤ ስለዚህ በራሳችሁ ላፕቶፕ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። አራት ማዕዘኖቹ 17 እና 19 ኢንች፣ 1280 በ1024 የሆኑት፣ ለካሸር ወይም ለካሜራ መቆጣጠሪያ ካልሆነ በቀር ዛሬ አይመከሩም።

«ባለ 32 ቴሌቪዥን ብገዛ ለሁለቱም ይሆነኛል» የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከርካሾቹ ባለ 32 ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ 1366 በ768 ናቸው፤ በአንድ ኢንች 49 ፒክስል ማለት ነው፤ ከባለ 22 ሞኒተር ግማሹን አይሞላም። ለጽሑፍ ሥራ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ቴሌቪዥን ቤት ውስጥ ካለና ለጊዜው መጠቀም የግድ ከሆነ፣ ከሜኑው የኤችዲኤምአይ መግቢያውን ስም «ፒሲ» በሉት፣ የምስል ስፋቱንም «ጀስት ስካን» ወይም «1፡1» ላይ አድርጉት፤ አለዚያ የምስሉን ጠርዝ ይቆርጠዋል፣ ፊደሉንም ያደበዝዘዋል።

ፓኔሉን ከካርቶኑ ማንበብ

ፓኔል ማለት ምስሉን የሚያሳየው የሞኒተሩ ገጽ ነው፤ ሦስት ዓይነት አለ፦ ቲኤን፣ ቪኤ እና አይፒኤስ። ሻጩ ባያውቀውም ካርቶኑ ወይም ስፔሲፊኬሽኑ ይናገራል። የመመልከቻ ማዕዘኑ 170 እና 160 ዲግሪ ከተባለ ቲኤን ነው። 178 እና 178 ከተባለ ከሌሎቹ ሁለቱ አንዱ ነው፤ ኮንትራስቱ፣ ማለትም የነጩና የጥቁሩ ልዩነት፣ 1000፡1 አካባቢ ከሆነ አይፒኤስ፣ 3000፡1 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቪኤ ነው። ካርቶን ከሌለ ዓይን ይበቃል፦ ስክሪኑን ከበታች፣ ከጠረጴዛው ደረጃ ወደ ላይ ተመልከቱት። ቀለሙ ጠቁሮ የሰው ፊት እንደ ፎቶ ነጋቲቭ ከተገለበጠ ቲኤን ነው።

ለአብዛኛው ሰው አይፒኤስ ይሻላል። ቪኤ ጥቁሩ ጥልቅ ስለሆነ ለፊልም ደስ ይላል፤ ጽሑፍ ወደ ታች ስትጎትቱ ግን ጥላ ያስከትላል። ቲኤን የሚገዛው በጣም ከረከሰና ፊት ለፊቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ከተቀመጠ ነው። ፎቶ ቤት ያለው ሰው ቲኤን ላይ ቀለም ማረም የለበትም፤ ራሱን ትንሽ ባንቀሳቀሰ ቁጥር ቀለሙ ስለሚለወጥ ደንበኛው የሚቀበለው ፎቶ ስክሪኑ ላይ ካየው ጋር አይገናኝም።

ኒትስ የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው፤ 250 ኒትስ ለቤት ይበቃል። ደጋው ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ትልቅ መስኮት ባለው ቢሮ 300 ይመረጣል፤ የስክሪኑ ገጽ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ሳይሆን ብርሃን የማይመልስ ይሁን።

ሌላውን በፍጥነት እንለፈው። ሄርዝ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ይናገራል፤ ከ60 ወይም ከ75 ሄርዝ በላይ ለቢሮ ሥራ ገንዘብ አይጨመርበትም፤ ባለ 100 ሄርዙ በዚያው ዋጋ ከመጣ ግን እሰየው። «1 ሚሊ ሰከንድ»፣ «ኤችዲአር»፣ «ሚሊዮን ለአንድ ኮንትራስት» የሚሉት የርካሽ ሞኒተር ጌጦች ናቸው። ጎባጣ ስክሪንም በ24 ኢንች ላይ ጥቅም የለውም።

አዲስ ወይስ ስላሽ

በእኛ አስተያየት ስሙ የማይታወቅ አዲስ ሞኒተር ከመግዛት ከውጭ ቢሮ የወጣ ስላሽ፣ ማለትም ያገለገለ፣ ዴል፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ መግዛት ይበልጣል። የቢሮ ሞኒተሮች ብዙዎቹ አይፒኤስ ናቸው፣ እግራቸው ከፍና ዝቅ ይላል፣ የኃይል ክፍላቸውም ጠንካራ ነው። የዴል ሞዴል ስም ራሱ ይናገራል፦ «ፒ 2419 ኤች» ሲል ፒ የቢሮ ደረጃ፣ 24 ኢንቹ፣ 19 የሞዴሉ ዓመት፣ ኤች ደግሞ ፉል ኤችዲ ነው። መጀመሪያው «ዩ» ከሆነ ከፍ ያለ ደረጃ፣ «ኢ» ከሆነ ዝቅተኛው ነው።

የስላሽ ዕድሜ የሚታወቀው ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ካለው የተመረተበት ቀን ነው። የኤልኢዲ መብራት ብዙ ጊዜ ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ 30,000 ሰዓት ግድም ይሰላል፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን የሠራ የቢሮ ሞኒተር በአምስት ዓመት 10,000 ሰዓት ላይ ነው፤ ገና ነው። ከኤልኢዲ በፊት የነበሩት፣ ውስጣቸው ቀጭን የፍሎረሰንት አምፖል ያለባቸው ግን ይቅሩ። እነሱ ሲበሩ ደብዝዘው ጀምረው ከደቂቃዎች በኋላ ነው የሚደምቁት፤ ሲያረጁ ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል። መብራትም ይበላሉ፦ ባለ 24 ኤልኢዲ ከ15 እስከ 25 ዋት ሲወስድ አሮጌው ባለ 19 እስከ 50 ዋት ይደርሳል።

እግሩ የጠፋ ስላሽ በጣም ይረክሳል፤ መፍራት አያስፈልግም። ጀርባው ላይ በ100 ሚሊ ሜትር ርቀት አራት ቀዳዳ ካለው ለአናጺ ሰጥቶ ከሳንቃ እግር ማሠራት ይቻላል። ብሎኑ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሳንቃው አልፎ ሞኒተሩ ውስጥ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይግባ፤ ከዚያ ካለፈ ውስጡን ይወጋል።

ፓወር አዳፕተሩ ለብቻው የሆነ ሞኒተር ከሆነ አዳፕተሩ አብሮ መኖሩን ተመልከቱ። ሌላ ለመተካት ቮልቱ በትክክል አንድ መሆን አለበት፣ 12 ከሆነ 12፣ 19 ከሆነ 19፤ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ የጫፉ ፕላስና ማይነስ አቀማመጥም ይመሳሰል። መለያው ላይ «100–240 ቮልት» መባሉንም አረጋግጡ።

ሱቅ ውስጥ መፈተን

ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ፍላሹ ውስጥ ሰባት ነገር ይኑር፦ በፔይንት በ1920 በ1080 የተሠሩ አምስት ባለ አንድ ቀለም ሥዕሎች፣ ማለትም ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፤ አንድ ፒክስል ጥቁር፣ አንድ ፒክስል ነጭ እየተፈራረቀ የተሰመረበት አንድ ሥዕል፤ በኒያላ ፊደል በ10 መጠን «ነኘ ተቸ ደጀ ዘዠ ከኸ ሰሸ» ተብሎ ገጽ የሞላበት አንድ ሰነድ። ከተቻለ የራሳችሁን ላፕቶፕና ኬብል ውሰዱ። ላፕቶፑ ወደ ሞኒተሩ ምስል ካላወጣ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«P» ፊደልን አብራችሁ ተጫኑ።

ሞኒተሩን አስከፍታችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳይጠፋ ይቆይ። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ፤ የተዳከመ የኃይል ክፍል የሚታወቀው ሲሞቅ ነው። ሲከፈት ምስል ለማምጣት የሚዘገይ፣ ሁለት ሦስቴ በርቶ የሚጠፋ ወይም የሚርገበገብ ከሆነ ብዙ ጊዜ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተር አብጧል ማለት ነው። ጥገናው ከባድ ባይሆንም ዋጋው በዚያ ልክ ካልወረደ አትውሰዱት። ፓኔሉ ራሱ ከተሰነጠቀ፣ ቀጥ ያለ መስመር ካለበት ወይም ጥግ ላይ እንደ ቀለም የፈሰሰ ጥቁር ካለ ግን በምንም ዋጋ ተዉት፤ የፓኔል መለወጫ የሞኒተሩን ዋጋ ይጠጋል።

ቀጥሎ ባለ አንድ ቀለም ሥዕሎቹን በሙሉ ስክሪን ክፈቱ። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ የሞተ ፒክስል ነው፤ ጥቁሩ ላይ የሚያበራ ነጥብ አንድ ቀለም ላይ የቀረ ፒክስል ነው። ጥግ ላይ አንድ ቢኖር ዋጋ ማስቀነሻ ነው፤ መሐል ላይ ከሆነ በየቀኑ ዓይናችሁን ይወጋል፣ አትቀበሉት። ጥቁሩን ስታዩ መብራት አጥፉ ወይም በእጃችሁ ከልሉ፤ ከጠርዙ የሚያፈስ ብርሃን ይታያል። ትንሽ የተለመደ ነው፤ እንደ ባትሪ ብርሃን ከሆነ ግን ፍሬሙ ተጣሟል። ግራጫ ወይም ነጭ ላይ የድሮ ምስል ጥላ፣ ለምሳሌ ታችኛው ታስክባር ታትሞ የቀረ ከሆነ፣ ያ ሞኒተር ለዓመታት አንድ ሥራ ላይ የከረመ ነው።

የመስመር ሥዕሉ ውሸትን ያጋልጣል። «ፉል ኤችዲ ይቀበላል» የሚባል ሞኒተር ፓኔሉ 1366 በ768 ወይም 1600 በ900 ሊሆን ይችላል፤ 1920ን ተቀብሎ ይጨምቀዋል። መጀመሪያ የዊንዶውሱ ስኬል 100 በመቶ ላይ ይሁን፤ ሥዕሉንም በ100 በመቶ ክፈቱት። መስመሮቹ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ሆነው ከታዩ እውነት ነው፤ እንደ ውኃ ሞገድ ከተመላለሱ ፓኔሉ ያነሰ ነው። በቪጂኤ ከሆነ የምትሞክሩት መጀመሪያ ሞኒተሩ ላይ ያለውን «አውቶ» ቁልፍ ተጫኑ፤ አለዚያ ጤነኛውም ይሞገዳል።

የአማርኛውን ሰነድ ከክንድ ርቀት አንብቡት። ነ እና ኘን ለመለየት ወደፊት ዘንበል ማለት ካስፈለጋችሁ ሌላ ይምጣ። በመጨረሻ ብርሃኑን 20 በመቶ አድርጋችሁ በስልክ ካሜራ ተመልከቱት፤ ወፍራም ጥቁር መስመሮች ካሜራው ላይ ከተንቀሳቀሱ መብራቱ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው። ዓይናቸው ወይም ራሳቸው ቶሎ ለሚታመም ሰዎች ይህ አይስማማም።

ሁሉንም መግቢያ በየተራ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ኤችዲኤምአዩ የተቃጠለ ሆኖ በቪጂኤ ብቻ የሚያሳዩ ሻጮች አሉ።

የት ይገዛ፣ እንዴት ይምጣ

አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን 130 ኪሎ ሜትር ነው። የዋጋ ልዩነቱን ከደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ከሚባክነው ቀን ጋር አስሉት፤ ዕቃው ቢበላሽ ደግሞ ጉዞው ሁለት ጊዜ ነው። አንድ ሞኒተር ብቻ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ካልሆነ በቀር ከቅርብ ሱቅ መግዛት ያዋጣል፤ ለጽሕፈት ቤት አራት አምስት ከሆነ አዲስ አበባ መውረድ ዋጋ አለው። በቴሌግራም ታይቶ በቴሌብር ቅድሚያ ተከፍሎ በመኪና የሚላክ ስላሽ ሞኒተር አይገዛ፤ ከላይ ያሉትን ፈተናዎች አንዱንም ማድረግ አይቻልምና። ዋስትናው ደረሰኝ ላይ የስንት ቀን እንደሆነ፣ ብልሽት ቢገኝ መቀየር ወይስ መጠገን እንደሆነ፣ የሞኒተሩም መለያ ቁጥር ይጻፍ።

ሲጓጓዝ እንደቆመ ይጫን፤ ተኝቶ ላዩ ላይ ሻንጣ ከተቀመጠ ፓኔሉ ይሰነጠቃል። ካርቶን የሌለውን ስክሪኑ ላይ ንጹሕ ነጠላ ወይም የጥጥ ጨርቅ አልብሳችሁ፣ ጠንካራ ካርቶን ደግፋችሁ፣ ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ሚኒባስ ውስጥ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ጉልበት መሐል ይሁን።

ከጣርማበር ብርድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት የገባ ሞኒተር ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ወዲያው ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል። ሁለት ሰዓት ያህል ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። በተቃራኒው በደብረ ብርሃንና በመንዝ የውርጭ ጠዋት ምስሉ ሲንቀሳቀስ ጥላ ቢጎትት ብልሽት አይደለም፤ ፈሳሹ ክሪስታል ሲቀዘቅዝ ስለሚዘገይ ነው፤ ሲሞቅ ይስተካከላል።

መብራት

ከሞኒተሩ ገንዘብ ላይ ለመብራት መከላከያ ቀንሱ። መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው ዕቃ የሚቃጠለው። አንድ ዴስክቶፕና አንድ ሞኒተር በጽሕፈት ሥራ ከ200 ዋት በታች ስለሚወስዱ 500 ቪኤ (እዚህ ላይ ቮልት አምፔር ማለት ነው) ስታቢላይዘር ይችላቸዋል፤ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ደግሞ ሰነድ አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ሁለቱም ካልተቻለ መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ንቀሉ፤ ከተመለሰም አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት። ጄኔሬተር ከሆነ ሞተሩ ተነሥቶ ከተረጋጋ በኋላ ይሰካ።

የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት ውስጥ የኮምፒውተሩ ብረት ሲነካ ይነዝራል። እንዲህ ባለ ቤት ኤችዲኤምአይ ወይም ቪጂኤ ኬብል ሁለቱም ከሶኬት ተነቅለው ሳለ ይሰካ፤ ሲበሩ መሰካት መግቢያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ቤት ከገባ በኋላ

በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ሪዞሉሽኑ የፓኔሉ የራሱ፣ ማለትም 1920 በ1080 ይሁን። ፊደሉ ካነሰባችሁ ሪዞሉሽኑን አታውርዱ፤ ስኬሉን 125 በመቶ አድርጉት። ዊንዶውስ ውስጥ ክሊር ታይፕን ፈልጋችሁ አምስቱን ገጽ ተከተሉ፤ የአማርኛ ፊደል ጠርዝ በዚህ ብዙ ይሻሻላል። አዲስ ሞኒተር ብዙ ጊዜ ብርሃኑ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ነጭ ወረቀት አጠገቡ ይዛችሁ ስክሪኑ ከወረቀቱ ጋር እስኪመሳሰል ቀንሱት። ስክሪኑ በአልኮል ወይም በመስታወት ማጽጃ አይወለወል፤ በጥቂት ውኃ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል፤ እግሩ ከፍ የማይል ከሆነ የጠፍጣፋ እንጨት ቁራጭ ከሥሩ ይግባ፤ ጀርባው ያሉትን የአየር ማስወጫዎች ግን ምንም አይሸፍናቸው።